«ደህና ነኝ» አትበለኝ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ትንሹ ልጄ ማንበብ ጀምሯል፤ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ጥርሱም ወልቋል። ባለፈው ሳምንት ፎቶህን አይቶ «የአያቴ እግር ለምን አበጠ?» አለኝ። የጫማህን ክር ሳታስር የተነሳኸው ፎቶ ነው። ስለ ልጁ ብቻ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት።

መድኃኒት ማቆምህን እህቴ ነግራኛለች። አትቆጣት። የልብ መድኃኒትህን፣ የኤናላፕሪሉን እሽግ ሳይከፈት ነው ያገኘችው። «ሳል አመጣብኝ» ብለሃታል። እውነትህን ነው፤ ደረቅ ሳል ያስከትላል። ግን ሳል የማያበዛ ምትክ አለው፤ ዝም ብሎ መተው ለምን አስፈለገ?

አባዬ፣ ልብ ሲደክም ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊት የልብን መድከም አያውቅም፤ ደም የፈሰሰህ ወይም ውኃ ያጣህ ይመስለዋል። ስለዚህ ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ በዚያ ሰበብ አንጂዮቴንሲን የተባለው ሆርሞን ይበዛና ደም ሥሮችህን ያጠብባል። አልዶስቴሮን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ደግሞ ይቀሰቅሳል፤ እሱ ጨውና ውኃ በሰውነትህ ያስቀራል። የደከመው ልብህ የበዛ ደም በጠበበ መንገድ ሊገፋ ይታገላል። ኤናላፕሪል ደም ሥር የሚያጠበው አንጂዮቴንሲን እንዳይመረት ስለሚከለክል ደም ሥሩ ይላላል፤ የልብህም ሸክም ይቀላል። መድኃኒቱን ካልወሰድክ ግን ሰውነትህ ሊያድንህ ብሎ ይጎዳሃል።

አንተም እንዲሁ ታደርጋለህ። እማዬ ስትታመም «ሁላችንም ደህና ነን፣ ለፈተናህ አንብብ» ብለህ ጻፍክልኝ። ደብዳቤው አሁንም እኔ ጋ ነው። ከቀኑ ጀምሬ ስቆጥር የቀራት 11 ቀን ነበር። ፈተናውን አለፍኩ፤ እሷን ግን ሳልሰናበታት ቀረሁ። ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ሌላውን መድኃኒትህን፣ አልዶስቴሮንን የሚከለክለውን ስፓይሮኖላክቶን ለምን እንደተውክ ለእህቴም አልነገርካት። ባለፈው መጥቼ ሳቅፍህ ደረትህን በክንድህ ከለልክ። ጡትህ አብጦ አሞህ ከሆነ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከ10 ወንዶች አንዱ ገደማ ላይ ታይቷል። ልባቸው ክፉኛ የደከመ ሕሙማን በሌላው ሕክምናቸው ላይ ሲጨምሩት ግን የመሞት አደጋቸው በ30 በመቶ ቀንሷል። ኤፕለሬኖን የሚባለው ጡት ላይ እንዲህ አያስቸግርም። ለሐኪሙ በራስህ አፍ ንገረው፤ ካፈርክ ይህን ወረቀት አሳየው።

መድኃኒቶቹን በራስህ ፈቃድ መልሰህ አትጀምር። ሐኪሙ ግፊትህን፣ ኩላሊትህንና ፖታሲየምህን አይቶ ይወስን። ለጉልበትህ ሕመም የምትውጠውን ዳይክሎፌናክ ጨውና ውኃ ስለሚያስቀር ተወው። ጠዋት ከሸናህ በኋላ፣ ቁርስ ሳትበላ ተመዘን። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመርክ ወይም ለመተኛት ትራስ መደራረብ ካስፈለገህ እንዳታድር፤ በዚያው ቀን ሂድ።

እሁድ እደውላለሁ። መጀመሪያ የሚዛኑን ቁጥር ንገረኝ።

ልጅህ