ቤተ መጻሕፍታችን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላም ክፍት እንዲሆን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለከተማችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ለምትኖሩ የከተማችን ተወላጆችና ወዳጆች በሙሉ፦

የከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሥራ ቀናት ልክ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ይዘጋል። ጥበቃው በሩን ቆልፎ ሲሄድ ግን ከውስጥ የወጡት ተማሪዎች ሁሉም ወደ ቤታቸው አይገቡም፤ አንዳንዶቹ በአጥሩ ጥግ ካለው የመንገድ መብራት ሥር ደብተራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ በዚያችው ክፍል ወጥ ይሠራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እንግዳ ይስተናገዳል፣ ስለዚህ ብርዱን ችለው መንገድ ዳር ማጥናትን ይመርጣሉ። ይህን ጥሪ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ከሁሉ አስቀድሞ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ነው ብለን እናምናለን። መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ፣ በቤቱም ጸጥ ያለ ክፍልና ኢንተርኔት ያለው ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ቢዘጋ ብዙም አይቸገርም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣውና ከዚያ ወዲህ በተለያየ ጊዜ የተሻሻለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶም አገልግሎቱ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋና በኑሮ ደረጃ ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እኩል እንዲዳረስ፣ በመርህ ደረጃም በነፃ እንዲሰጥ ይጠይቃል።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ይፈታዋል አንልም። ነገር ግን አንዱን የመማሪያ መጽሐፍ ከጓደኞቹ ጋር በተራ የሚያነብ ልጅ፣ ተራው ሲደርሰው የሚቀመጥበት ወንበርና የሚያይበት መብራት ማጣት የለበትም።

ወንበርን ካነሣን አይቀር፣ አሁን የምንገለገልባቸው አግዳሚ ወንበሮች የእድር ናቸው። እድሩ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶውን መሆኑን አይቶ በውሰት ሰጠን፤ ስለዚህም ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ግን ወንበሮቹ ወደ ለቅሶ ድንኳን ይሄዳሉ፤ መሄድም ይገባቸዋል። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ አንባቢው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ወይም ካርቶን አንጥፎ ወለል ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ግንቦት፣ ተማሪው ለፈተና በሚዘጋጅበት ወቅት፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ለቅሶ ደረሰብን። በሁለተኛው ጊዜ አንዲት ተማሪ በተደፋ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጣ፣ የመደርደሪያውን የታችኛውን ርብራብ እንደ ጠረጴዛ ይዛ ሒሳብ ስትሠራ አገኘናት። ቀና ብላ ስታየን፣ ወንበር የያዘችብን መስሏት ልትነሣልን ነበር።

ማታ በሩ ቢከፈት የሚጠቀመው ተማሪ ብቻ አይደለም። የቀን ሠራተኛው ጋዜጣ ገልጦ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ማየት የሚችለው ከሥራ ሲወጣ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሚያነቡት አጥተው ንባቡ የጠፋባቸው እናቶችና አባቶችም በመካከላችን አሉ። በትልልቅ ፊደል የታተሙ መጻሕፍትና ቅጽ ሲሞሉ አጠገባቸው ሆኖ የሚያግዛቸው አንድ ሰው ቢኖር ለእነርሱ ብዙ ነው።

በተለይ ልናተኩርበት የምንፈልገው የዓይነ ስውራን ጉዳይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለእነርሱ የሚሆን አንድም መጽሐፍ የለውም፤ ይህን በእፍረት እንናገራለን። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነት፣ የታተሙ ሥራዎች ያለ ደራሲው ተጨማሪ ፈቃድ በብሬልና በድምፅ ለዓይነ ስውራን እንዲዘጋጁ፣ ይህንንም ለትርፍ የማይሠሩ ተቋማት እንዲያከናውኑ በር ከፍቷል። ስለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል፣ መቅረጫና ጥሩ አንባቢ ነው። ክፍሉን አሁን ዕቃ ግምጃ ከሆነው የጓሮ ክፍል ለማውጣት አስበናል፤ ግድግዳውን በወፍራም ምንጣፍና በስፖንጅ መሸፈን ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት ይሆናሉ፤ ምክንያቱም በከተማችን ያሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ዛሬ የሚያጠኑት ጓደኛ ሲያነብላቸው ብቻ ነው፣ ጓደኛ ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት።

በዚህ መሠረት ድጋፍ የምንጠይቀው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለሚሠሩ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና አንድ ጥበቃ የአንድ ዓመት ደመወዝ፣ መብራት ሲጠፋ አዳራሹን ለሚያበራ ባትሪና ኢንቨርተር፣ ለራሳችን ጠረጴዛና ወንበር፣ ለመቅረጫ ክፍሉ፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎችም በመግቢያው ደረጃ ጎን ለሚሠራ መወጣጫ ነው። ገንዘቡ ሁሉንም ካልሸፈነ ቅድሚያ የምንሰጠው ለደመወዙና ለመብራቱ ነው፤ በሩ ካልተከፈተ ወንበሩ ለማንም አይጠቅምምና።

መጽሐፍ ለመስጠት ያሰባችሁም አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም ከመላካችሁ በፊት የጎደለንን ዝርዝር ጠይቁን። ከውጭ አገር በብዙ ወጪ የመጡ፣ ዘመናቸው ያለፈባቸውና ማንም ያልከፈታቸው መጻሕፍት አሁንም በካርቶን እንደታሰሩ ጓሮ ተቀምጠዋል። የላኩት ወገኖች ለማጓጓዣ ያወጡት ገንዘብ እዚሁ የልጆች ተረትና የመማሪያ መጽሐፍ ይገዛ ነበር።

የእያንዳንዱ ዕቃ ፕሮፎርማና የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቤተ መጻሕፍቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ለተሰጠው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የየወሩ ገቢና ወጪም በዚያው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። እድሮችና ማኅበራት ከወር መዋጯችሁ ትንሽም ብትሆን እንድትመድቡልን፣ በውጭ የምትኖሩም ተሰባስባችሁ የአንዱን ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ እንድትችሉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ገንዘብ ባይኖራችሁም ጥርት አድርጋችሁ የምታነቡ ሁሉ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ መጥታችሁ ለድምፅ ቀረጻው መመዝገብ ትችላላችሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ የድጋፍ አሰባሳቢ ኮሚቴ