ጣዝማን ለማጥናት ዶማ አይቅደም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

መሬት ውስጥ የምትኖረውን መንደፊያ የሌላትን ንብ፣ ጣዝማን፣ ለማጥናት ገበሬ ጓሮ የሚሄዱ ተመራማሪዎች ዶማ ባያስቀድሙ መልካም ነው። ዝርያዋን ለመለየት ከመግቢያ ቀዳዳዋ በትንሽ መረብ የተያዙ ከ10 እስከ 20 ሠራተኛ ንቦች ይበቃሉ፤ ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግቡ።

መንጋውን ወደ ቀፎ ለማዛወር መቆፈር ግድ ከሆነ፣ አፈር ሲናድ ወደ ጎጆዋ የሚወስደው መንገድ እንዳይጠፋ አስቀድሞ ቀጭን የሣር አገዳ በቀዳዳው ይግባ፤ ቁፋሮውም ከጎን ይሁን። ትልቁ ጥፋት የእጩን ቤት መገልበጥ ነው። ንግሥቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በፈሳሽ ምግብ ላይ ስለሆነ፣ ቤቱ ሲገለበጥ እንቁላሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ላይኛው ወገን ምልክት ይደረግበት። ንግሥቲቱ ራሷም ሆዷ በእንቁላል ስለሚነፋ መብረር አትችልም፤ አፈር ውስጥ ከቀረች መንጋው አለቀለት።

የተሰበረ የማርና የአበባ ብናኝ ማሰሮ አብሮ ወደ ቀፎ አይግባ። ጉንዳን ይጠራል፤ ከጉንዳንም የባሰችው ብናኙ ላይ እንቁላሏን የምትጥለው ደቃቃ ዝንብ ናት። ማሩ በሲሪንጅ ይቀዳ። ከተለመደው የንብ ማር ይልቅ ውሃ ስለሚበዛበትና ቶሎ ስለሚቦካ በቀዝቃዛ ሣጥን ይጓዝ።

ደግሞ ይህ ማር ለሳልና ለጉሮሮ ተፈላጊ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው። ለናሙና የተወሰደው በገበያ ዋጋ ይከፈል እንጂ በ«ለሳይንስ ነው» አይታለፍ።

ጣዝማ አርቢዎች