ድንኳኑ ያልወጣበት ለቅሶ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው። የግቢው ማንጎ ዘንድሮ በጣም ያዘ፤ ልጆቹ ሳይበስል እየጨረሱት ነው። ሐኪሙ የግራ ዐይንዎን ሞራ እንዳነሣልዎ እህቴ ነገረችኝ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ እሷን አይተው «ከስተሻል» አሏት አሉ። ስሰማ አለቀስኩ። ይህን ደብዳቤ እሷ ታነብልዎታለች። ነገሩን በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አልሆነልኝም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ሐይቁ ዳር አዲስ ክለብ ተከፍቷል። አባል ያልሆነ አይገባም። አለቃዬ ቅጹን አምጥቶ «ግማሹን መሥሪያ ቤቱ ይከፍልልሻል» አለኝ። ቅጹ ሁለት ዋስ ይጠይቃል፤ ሁለት ነባር አባላት «እናውቃታለን» ብለው መፈረም አለባቸው። ሁለት ሰዎች ፈረሙልኝ። የፈትል ሠራተኛ ልጅ እዚህ ደረሰች ብዬ ኮራሁ፤ እውነቱን ልንገርዎ።

አንድ ቅዳሜ ቦታውን ላይ ሄድኩ። ቆንጆ ነው። ሣሩ፣ ዋርካው፣ ፊት ለፊት ጣና። ቡና ቀርቦልን እያወራን ሳለ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን እየጎተቱ ከውኃ ያወጣሉ። እርስዎ ያውቁታል፤ የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ከሐይቅ ሲወጣ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ሊያቆሙት አጥሩን ሲያስደግፉ ዘበኛው ሮጦ መጣ። «እዚህ አይቻልም፤ የአባላት ነው» አላቸው። አልተከራከሩም። ያንን የራሰ ታንኳ መልሰው ወደ ውኃው ገፉት።

ጎረቤታችን ነበሩ አባባ። ታንኳ ሠሪው።

ስማቸውን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አብረውኝ የተቀመጡትን አየሁ። ዝም አልኩ። ቡናዬንም ጨረስኩ።

ቅጹን በማግስቱ መለስኩት። መመለሱ ግን አላሳረፈኝም። ሌሊት ሌሊት ስለ እንዲህ ያሉ ክለቦች ማንበብ ጀመርኩ። ድሮ እንግሊዞቹ ጋ አዲስ አባል የሚመረጠው በኳስ ነበር። ነጭ ኳስ የጣለ እሺ ማለቱ ነው፤ ጥቁር የጣለ እምቢ። ብዙ ቦታ አንዲት ጥቁር ኳስ ትበቃለች። ማን እንደጣላት አይታወቅም፤ ምክንያትም አይጠየቅም። አሜሪካ ደግሞ በፈረንጅ 1964 ጥቁርን ከሆቴልና ከምግብ ቤት ማስወጣት በሕግ ተከለከለ። ያው ሕግ ግን የግል ክለቦችን ተዋቸው። ስለዚህ በሩ እዚያ ተዘግቶ ቆየ። በ1990 አላባማ ውስጥ ሾል ክሪክ የሚባል የጎልፍ ክለብ ትልቅ ውድድር ሊያስተናግድ ሲል፣ መሥራቹ ጥቁር እንደማይቀበሉ በአደባባይ ተናገረ። አገር ተነሣ። ማስታወቂያ የሚከፍሉት ድርጅቶች ሲሸሹ ክለቡ ውድድሩ ሳይደርስ አንድ ጥቁር ሰው ተቀበለ። ኦገስታ ናሽናል የሚባለው ታዋቂው ክለብም የመጀመሪያውን ጥቁር አባል ያስገባው በዚያው ዓመት ነው። ሴት ያስገባው ገና በ2012 ነው። ኦገስታ ላይ ለብዙ ዘመን የተጫዋቾቹን ዱላ ተሸክመው ሜዳውን የሚዞሩት ጥቁሮች ነበሩ። ለሥራ በሩ ክፍት ነው። ለመቀመጥ ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን ተውኩ። የእኛ ሰፈር ታወሰኝ።

እህቴ ቤት አጠገብ ያለውን መርካቶ ያዩታል። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ አራዳን ለነጮች ብሎ፣ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ነው አሁን ያለበት ያደረሰው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። እርስዎ ዕድሜዎን የጨረሱበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንኳ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው። በር ሲዘጋብን እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ ሕዝብ ነን። እንዲህ እያወቅን እኛም በር ዘግተናል።

የ1981 ዓ.ም. ክረምትን ያስታውሳሉ። አያቴ ዘጌ ያረፉ ጊዜ መልእክቱ የደረሰን ማታ ነው። በዚያ ሰዓት የሞተር ጀልባ የለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ታንኳ ሠሪው ጎረቤታችን ሳይጠሩ መጡ። «ይነሡ» አሉዎት። በዚያ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝፈው፣ ጎሕ ሲቀድ እናትዎ ደጅ አደረሱዎት። ቀብሩ ላይ የደረሱት በእሳቸው ክንድ ነው። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

በዓመቱ የእሳቸው ልጅ ሞተ። የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳኑ አልወጣም። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉም መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ዋለ። የእድሩ ዳኛ እርስዎ ነበሩ። ሰዎች ግቢያችን መጥተው ሲመክሩ በር ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አንዱ «ወይጦ እንዴት ድንኳናችን ሥር ይቀመጣል?» አለ። እርስዎ «ደንቡ አይፈቅድም» አሉ። ደንቡን እኔ አሁን አነበብኩት አባባ፤ ጸሐፊው አሳየኝ። ስለ ወይጦ የተጻፈ አንድ ቃል የለበትም።

ወይጦዎቹ እስላም ስለሆኑ ነው እንዳይሉኝ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ እድሩ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ነበሩ። ሲያርፉ ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆሞላቸዋል። የወይጦዎቹ ነገር ሌላ ነው። ድሮ ጉማሬ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም እስላሙም አብሯቸው አይበላም ነበር። የጉማሬው አደን ቀርቷል፤ እኛ ግን ልማዱን ይዘነው ቀረን። የራሳቸው ቋንቋ እንኳ ጠፍቶ የሚናገሩት የእኛኑ አማርኛ ነው። ዓሣቸውን እንበላለን። በሠሩት ወፍጮ ድንጋይ የተፈጨ እህል በልተን አድገናል። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለእነሱ ውኃ የምትሰጥበት ቅል አጥሩ ላይ ለብቻው ይሰቀል ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም። እናቷም እንደዚያ ስታደርግ ነው ያየችው። እኛ ልጆቹ ደግሞ እርስዎን የሚያህሉትን ሰው «አንተ» ነበር የምንላቸው። ይህን ደብዳቤ ስጀምር እንኳ እጄ «እሱ» ብሎ ጻፈ። ሰርዤ «እሳቸው» አልኩ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ነግሬዎት አላውቅም። በዚያ ማታ ጋቢዎን ለብሰው በጓሮ በኩል ሲወጡ ተከትዬዎት ነበር። ፋኖስ አልያዙም። እደጃቸው ደርሰው ቆሙ። እሳቸው ወጡ። ምንም አልተባባላችሁም። ከዚያ ተቃቅፋችሁ ስታለቅሱ አየሁ። ሮጬ ተመልሼ ተኛሁ። ልቤ እስከ ዛሬ የሚወድዎት በዚያ ማታ ነው፤ የሚያዝንብዎትም በዚያው ማታ ነው። ለምን በጨለማ? ብዬ ስንት ዓመት ጠየቅኩ። ክለቡ ውስጥ ቡናዬን ይዤ ዝም ስል ገባኝ። ሰው ያየኛል ብለው ፈርተው ነበር። እኔም ፈራሁ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ፤ በቀን። አርጅተዋል፣ እጃቸው ግን አሁንም ደንገሉን ሲያስር ይፈጥናል። ስለ ቅዳሜው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አይቼሻለሁ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ሐይቁ ዳር እየታጠረ ደንገል የሚያጭዱበትም ታንኳ የሚያደርቁበትም ቦታ እያጡ ነው። ቤታቸውም ከአሁን አሁን ተነሡ ይሉናል እያሉ በሥጋት ነው የሚኖሩት። ቀስ ብዬ እድራችን ይግቡ አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «እኔ ስሞት መጥታችሁ ንፍሮዬን ትበላላችሁ?»

እኔ እበላለሁ አልኳቸው። ስለ ሌላው ሰው መመለስ አልቻልኩም። እርስዎ ግን ይችላሉ። የድሮዎቹ ዳኞች ሁሉ አልፈዋል፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ከተናገሩ ማንም ቀና ብሎ አይመልስም። ንፍሮ ደግሞ ሥጋ አይደለም። ስንዴና ሽምብራ ነው፤ የማንም ቢላዋ አይነካውም።

ጸሐፊውን ለምኜ ጉዳዩ የሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ አስይዣለሁ። ሐኪሙ እስከዚያ እንደሚለቅዎት እህቴ ነግራኛለች። የመጓጓዣዎን እኔ እልካለሁ። አጉረምራሚ አይጠፋም፤ አንድ ሁለቱ ከአሁኑ ደውለውልኛል። ለእኔ አይስጉ።

የእድራችንም ቅጽ ሁለት ዋስ ይጠይቃል። አንደኛው መስመር ላይ ፈርሜያለሁ። ሁለተኛውን ባዶ ትቼ፣ ቅጹን መጽሐፍ ቅዱስዎ ውስጥ አስቀምጬልዎታለሁ። አሁን ፊደሉ ይታይዎታል።

ልጅዎ