ቁመትህን ላክልኝ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከሆዴ በቀር የጨመርኩት ነገር የለም። ሦስት ዓመት ዝም ማለቴን አውቃለሁ። መጀመሪያ መስመሩ ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ "እሑድ እደውላለሁ" እያልኩ ስንት እሑድ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሀፍረት ገባ፤ ሀፍረት ከገባ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ። ይቅር በለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳይ ባይኖረው አይጽፍም ነበር ብትል አልከራከርህም።

ተራራ ልወጣ ነው። አትሳቅ። እዚህ ሲያትል ሰማዩ በጠራ ቀን ከሩቅ የሚታይ ሬኒየር የሚባል ነጭ ተራራ አለ፤ ከፍታው 4,392 ሜትር ነው። እኛ በሸራ ጫማ ከምንመላለስበት ራስ ዳሽን ያንሳል፤ ግን የበረዶ ግግር የተከመረበት ስለሆነ በገመድ ተያይዘህ፣ ጫማህ ላይ የብረት ጥርስ አስረህ ነው የምትወጣው። የሥራ ባልደረቦቼ ለግንቦት ቀጠሩኝ። የሰሜን ተራራ ልጅ ነኝ እያልኩ ጉራ ስነዛ ከርሜ እንዴት እምቢ ልበል? እናቴ በስልክ ስትሰማ "እዚያ ገዳም አለ?" አለችኝ። የለም አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ "በቅሎ ጠፍቶባችሁ ነው?" አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ለልምምድ ከተራራው ሥር በረዶ ላይ ድንኳን ተክለን አደርን። ቦታው ፓራዳይዝ ይባላል፤ ገነት ማለት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1972 ባለው አንድ የበረዶ ወቅት ብቻ 28 ሜትር ተኩል በረዶ የወረደበት ገነት! እዚያ ነው እንደ ቅጠል ስንቀጠቀጥ ያነጋሁት።

ጥፋቱ የእኔው ነው። ስሊፒንግ ባጉን፣ ያንን ላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት፣ የገዛሁት ከዜሮ በታች 29 የሚል ቁጥር አይቼበት ነው። ለካ ምልክቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የምቾት ነው፤ የእኔው ከዜሮ በታች 4 ይላል። ሁለተኛው አንድ ወንድ ኩርምት ብሎ ሊተኛበት የሚችለው የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከዜሮ በታች 10። በሦስተኛው የሚተኛ የለም፤ ስድስት ሰዓት ያህል ሳትሞት ልትቆይ ትችላለህ ማለት ነው፣ እሱም ለእግር ጣቶችህ ዋስትና ሳይሰጥ። እኔ ያነበብኩት ሦስተኛውን ነው። ያን ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 12 ደረሰ።

ጀርባዬን ሲበላኝ ደግሞ አንተ ትዝ አልከኝ። ሰሜን ተራራ፣ ጨነቅ ካምፕ ላይ የበቅሎዋን ደልዳል ከሥራችን እያነጠፍክ "ብርድ የሚመጣው ከመሬት ነው" ትለኝ አልነበር? ላባው ከሥርህ ሲጨፈለቅ በውስጡ የያዘው አየር ይወጣል፤ የሚያሞቀው ደግሞ አየሩ ነው። ለዚህ ነው ምንጣፎቹም የራሳቸው መለኪያ ያላቸው፤ ለበረዶ ከ5 በላይ ይፈለጋል፤ የእኔ 2 ነበር። ይህን ሁሉ በዶላር ተማርኩት፤ አንተ በነጻ ስትነግረኝ አልሰማ ብዬ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁሉ ላባ ሆኗል። ላባ ስልህ ትራስ ውስጥ ሆኖ የሚወጋህን አይደለም። ዝይ ደረቷ ላይ ከላባው ሥር አገዳ የሌለው፣ ጥጥ የሚመስል ነገር አላት። አንድ ሻጭ ከዚያ ቆንጥሮ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ክብደቱ ፈጽሞ አልታወቀኝም፤ ጥቂት ቆይቶ ግን መዳፌ ሞቀ። ጥራቱን የሚለኩት እንዲህ ነው፦ 28 ግራም ላባ ብትበትነው ምን ያህል ቦታ ይሞላል? 650 የሚሉት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። 800 የሚሉት 13 ሊትር ይይዛል። ለተመሳሳይ ሙቀት ባለ 800ው ያነሰ ይመዝናል ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ያስለቅሳል።

ሱቁ ወለል ላይ አዲስ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገብቼ፣ ዚፑን እስከ አገጬ ዘግቼ እንደ ተገነዘ ሬሳ ተጋደምኩ። ሰው ሁሉ እየተሻገረኝ ያልፋል። ግን እንዲህ ካልሆነ አይታወቅም፤ ከሰፋ ባዶውን ቦታ በገላህ ማሞቅ አለብህ፣ ከጠበበ ላባውን ትጨፈልቀዋለህ። ስፌቱንም በባትሪ መረመርኩ። በርካሾቹ የላዩና የውስጡ ጨርቅ በአንድ ስፌት ይያያዛል፤ በዚያ መስመር ላይ ላባ ስለሌለ ብርዱ እንደ ጅራፍ ይሸነቁጥሃል። ደህናዎቹ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ቀጭን ግድግዳ አላቸው፤ አንገት ላይም የሚታሰር ወፍራም ኮሌታ።

የቸገረኝ እርጥበቱ ነው። የዚህ አገር በረዶ እርጥብ ነው፤ ላባ ከራሰ ደግሞ ከራሰ ጥጥ አይሻልም። ስለዚህ ውሃ የሚገፋ ጨርቅ ያለውን መረጥኩ። ትንፋሽም ያረጥበዋል፤ አንተ እንደምታደርገው ራስህን ሸፍነህ ውስጡ መተንፈስ ክልክል ነው። ደግሞ እኮ በላባ የተሞላ ጃኬት ሠርቶ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ኤዲ ባወር የዚህችው ሲያትል ነጋዴ ነው፤ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ብርድ ሊገድለው ነበር ይባላል። ከኔ የሚለየው እሱ ከብርዱ በኋላ መክበሩ ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። ቢጫዋን ስሊፒንግ ባግ ታስታውሳለህ። ተራ እያደረግን የተኛንባትን። ጎንደር መናኸሪያ ተሰረቀች አልኩህ። አልተሰረቀችም። ሸጥኳት፤ የጉዞው ወጪ አልሞላ ብሎኝ። አንተም ሳታውቅ የቀረህ አይመስለኝም፤ "ምነው ብርዱንም አብረው በሰረቁት" ብለህ ስቀህ ዝም አልክ። ፓራዳይዝ ላይ ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰማሁት ያንን ሳቅህን ነው።

ስለዚህ ሁለት ልገዛ ነው። እውነቱን ልንገርህና፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን አንድ ሌሊት ያደርኩበትን ልልክልህ ነበር፤ ለጨነቅ ይበቃል ብዬ። ግን የሰው ሸጦ አሮጌ መመለስ አስጠላኝ። አንተ የምትወስደው ባለ 650ውን ነው፣ አዲሱን፤ ወሰኑ ከዜሮ በታች 15። 1.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ቢሆንም ተሸካሚዋ በቅሎ ናት፣ ጨርቁም ወፍራም ስለሆነ እሾህ አይበሳውም። ባለ 800ውን እኔው በጀርባዬ የምሸከመው ስለሆነ ለራሴ አደረግሁት። ስስት ነው አትበለኝ። እሺ፣ ትንሽ ስስት አለበት፤ የዋጋቸው ልዩነት 330 ዶላር ነው።

ለጥምቀት ጎንደር የሚገባ ሰው አግኝቼ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ለምኛለሁ። ሲታመቅ ከድፎ ዳቦ አይበልጥም። እንደደረሰህ ግን ከከረጢቱ አውጥተህ ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ ታምቆ ከከረመ ላባው አይነሳም።

ባለ 183 እና ባለ 198 ሴንቲ ሜትር ነው ያላቸው። የአንተ እግር ከቢጫዋም ያልፍ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን በግምት አልገዛም። እስከ ረቡዕ ጫማህን አውልቀህ፣ ግድግዳ ተደግፈህ ተለካና ላክልኝ። ለሴት እንደምትናገረው አድርገህ አትጨምርበት። ቢጫ ቀለም የላቸውም፤ ጠይቄአለሁ።

ያው ወንድምህ