መዳፍ የምታህል ቦታ ለቼዝ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጋዜጣችሁን ከኋለኛው ገጽ ጀምረው ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለ እግር ኳሱና ስለ ሩጫው የምትጽፉትን በደስታ እከታተላለሁ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስሙ ተነስቶ አይቼ ስለማላውቀው ሰው ነው። ጆርጅ ኮልታኖውስኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1903 በቤልጂየም አንትወርፕ ከተማ ተወልዶ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 1992 ዓ.ም. በ96 ዓመቱ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ዐረፈ። የቼዝ ማስተር፣ የቼዝ መምህርና የቼዝ ጋዜጠኛ ነበር። ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ ሰው የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሙን መጀመሪያ ያየሁት ሐዋሳ ገና «አዋሳ» ተብላ በምትጻፍበት፣ ወደ ሐይቁ ስንወርድ በመንገድ የሚያልፈን መኪና በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው። የሰላም ጓድ አባል የነበረ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሒሳብ ያስተምረን ነበር። እናቱ ከሳን ፍራንሲስኮ በምትልክለት ፖስታ ውስጥ ከጋዜጣ የተቆረጡ ትናንሽ ወረቀቶች ይገኙ ነበር፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ባለ 64 ቤት ሰሌዳ ተስሏል፣ ከበላዩም ያ ለንባብ የሚያስቸግር ስም ተጽፏል። መምህራችን ቁራጮቹን በካርቶን ላይ እየለጠፈ ከክፍሉ በር አጠገብ ይሰቅላቸው ነበር። እንግሊዝኛው ለእኛ ከባድ ነበር፤ ሥዕሉ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ነጭ ተጫውቶ በሁለት እርምጃ ማት ማድረግ (የጥቁሩን ንጉሥ ማምለጫ በሌለው ጥቃት መያዝ) እንዳለበት ከተነገረን በኋላ የቀረው የእኛ ጣጣ ነበር። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት የምንሄደው ለዚያች ሥዕል ስንል ነበር ብል ሌሎቹን መምህሮቻችንን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ኮልታኖውስኪ ቼዝ የተማረው በ14 ዓመቱ፣ አባቱና ታላቅ ወንድሙ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጦ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1936 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ የቤልጂየም ሻምፒዮን ሆኗል። ወደ ትልቁ መድረክ የገባበት አጋጣሚ ፈገግ ያሰኛል፤ በ1924 ወደ ኢጣሊያ ሜራን የሄደው በዝቅተኛው ምድብ ሊወዳደር ሲሆን፣ ለዋናው ምድብ ከተጋበዙት አንዱ በመቅረቱ አዘጋጆቹ ቦታውን እንዲሞላ ጠየቁት። ከመጨረሻዎቹ ተርታ ቢያጠናቅቅም ከታዋቂው ጀርመናዊ ከዚግበርት ታራሽ ጋር አቻ መውጣት ችሏል። ሟችን ያለ ቅጥ ማወደስ የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ፤ ኮልታኖውስኪ ከዘመኑ ምርጥ ተጫዋቾች ጋር የሚሰለፍ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950 ያገኘው ማዕረግ የዓለም አቀፍ ማስተርነት ሲሆን፣ ከዚያ የሚበልጠውን ግራንድማስተር የሚለውን በክብር የሰጡት በ1988 በ85 ዓመቱ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ በስኮትላንድ ኤደንብራ ከተማ ሰሌዳ ሳያይ ከ34 ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ተጋጠመ። ሰሌዳዎቹ ከማይታዩበት ቦታ ተቀምጦ፣ የእያንዳንዱ ተጋጣሚ እርምጃ በቃል ሲነገረው የራሱን በቃል ይመልሳል። 34 ሰሌዳ ማለት 2,176 ቤት፣ በመነሻውም 1,088 ጠጠር ማለት ነው። ከ13 ሰዓት በላይ ከወሰደው ግጥሚያ በኋላ 24ቱን አሸንፎ በ10ሩ አቻ ወጣ፤ አንድም አልተሸነፈም። ከዚያ ወዲህ አርጀንቲናዊው ሚጌል ናይዶርፍን የመሳሰሉ ሰዎች የበለጠ ቁጥር ባለው ሰሌዳ ተጫውተዋል፤ ክብረ ወሰኑ በትክክል የማን ነው የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ እኔ አልገባበትም።

ሰው ይህን እንዴት ይችላል? ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው ጥናት፣ ሰሌዳ ሳያዩ የሚጫወቱ ጎበዞች ሰሌዳውን እንደ ፎቶግራፍ በአእምሯቸው እንደማይዙት ጽፏል። የሚይዙት የጠጠሮቹን መልክ ሳይሆን የማን ኃይል በማን ላይ እንዳረፈ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ነው። ለሒሳብ መምህር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድን ማረጋገጫ በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ የሚያስታውሰው ገጹን ሳይሆን ሐሳቡ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ነው። የኮልታኖውስኪ ባለቤት ሊያም በዚህ ማስታወስ ትገረም ነበር፤ ያው ሰው ከሱቅ ዳቦ ይዞ መምጣቱን ይረሳ ነበርና።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፍቅር ሐይቅ አቅራቢያ በአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ልጆችን ቼዝ አስተምራለሁ። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ጠጠር ስለሚጥልብን ሰሌዳውን ከግድግዳው ጥግ እናስጠጋለን፤ የጠፉትን ወታደሮች በለስላሳ ቆርኪ ተክተናል። ከልጆቹ አንዱ ማየት የተሳነው ነው። የሚጫወተው ጥቁሮቹ ቤቶች ከነጮቹ ትንሽ ከፍ ብለው በተሠሩበት፣ ጠጠሮቹም በቀዳዳ በሚተከሉበት ሰሌዳ ላይ በጣቱ እየዳሰሰ ነው። የኤደንብራውን ታሪክ ስነግራቸው ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዳምጡ እሱ «ቲቸር፣ ሰውዬው ዓይነ ስውር ነበር እንዴ?» አለኝ። አይ፣ ዓይኑ ደኅና ነው፤ ሰሌዳውን ላለማየት መርጦ ነው አልኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ምኑ ይገርማል? እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምጫወተው» ብሎ ሳቀ። የምመልስለት አጥቼ የቀረውን ታሪክ ቀጠልኩ።

የቀረው ታሪክ ደግሞ መራራ ነው። ኮልታኖውስኪ ከፖላንድ ከመጣ የአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በቼዝ ጉብኝት ላይ ሆኖ ጓቲማላ ነበር። አውሮፓ የቀሩት በርካታ ዘመዶቹ በናዚዎች እጅ አለቁ። እሱን ቼዙ አዳነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1940 በሃቫና ሰሌዳ ሳያይ ሲጫወት የተመለከተው የአሜሪካ ቆንስል ነው ወደ አሜሪካ መግቢያ ቪዛ የፈቀደለት። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መኖሪያውን ሳን ፍራንሲስኮ አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ1948 «ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ የቼዝ ዓምድ ሰጠው፤ እስኪሞት ድረስ ለ52 ዓመታት አልለቀቀውም። ዓምዱ በየቀኑ ይወጣ ስለነበር በጠቅላላው ወደ 19,000 ጊዜ እንደታተመ ይነገራል። እንደ ልማዴ 52ን በ365 አባዛሁት፤ 18,980 ሆነ። ስለዚህ ቁጥሩን አምናለሁ። ከመሪዎች ንግግር፣ ከገበያ ዋጋና ከሞት ማስታወቂያ ጎን አንዲት ሰሌዳና አንድ ጥያቄ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሳትቋረጥ ወጣች ማለት ነው።

ዓምዱ ጥልቅ ነበር አልልም። መምህራችን ይሰቅልልን ከነበሩት ቁራጮች መካከል ዛሬ ሳስባቸው ልጅ የሚፈታቸው ቀላል ጥያቄዎች በርካታ ናቸው፤ ኮልታኖውስኪ ስለራሱ ጀብዱ ማውራትም ይወድ ነበር፣ ትርኢተኛ መሆኑንም አልደበቀም። በተመልካች ፊት ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ለምሳሌ ይህ ነው፦ በትልቅ ሰሌዳ 64 ቤቶች ላይ ታዳሚዎቹ የፈለጉትን ስምና ቁጥር ይጽፋሉ፤ እሱ ጥቂት ይመለከትና ጀርባውን ያዞራል፤ ከዚያም ፈረስ የሚባለው ጠጠር ከየትኛውም ቤት ተነስቶ እያንዳንዱን ቤት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየረገጠ ሁሉንም እንዲያዳርስ እያደረገ፣ በየቤቱ የተጻፈውን በቃሉ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሳን ፍራንሲስኮ ፌርሞንት ሆቴል ደግሞ ለእያንዳንዱ እርምጃ 10 ሰከንድ ብቻ እየተሰጠ፣ ሰሌዳ ሳያይ 56 ጨዋታዎችን በተከታታይ ተጫውቶ 50ውን አሸነፈ፣ በ6ቱ አቻ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ስለፈጀበት ለአንድ ጨዋታ በአማካይ 10 ደቂቃ እንኳ አልደረሰም። ይህን ሁሉ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ያ ትርኢት ሰውን አዳራሽ ድረስ ያመጣል፣ ዓምዱ ደግሞ አዳራሽ ያልመጣውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያገኘዋል ባይ ነኝ። እኛን አዋሳ ድረስ መጥቶ አግኝቶን የለ?

በመምህርነቱም ለጀማሪ የሚያዝን ሰው ነበር። ኤድጋርድ ኮል የተባለ እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣትነቱ የሞተ የአገሩ ልጅና ጓደኛ ነበረው፤ ይህ ሰው ይጫወተው የነበረውን አጀማመር፣ ማለትም ነጭ በዲ4 ወታደር፣ በኤፍ3 ፈረስና በኢ3 ወታደር ጀምሮ በሲ3 ወታደር የሚደግፈውን አሰላለፍ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)፣ ኮልታኖውስኪ በየደረሰበት አስተማረው። ብዙ በቃል ማጥናት አይጠይቅም፤ ተጋጣሚ ምንም ቢያደርግ አሰላለፉ ብዙም አይለወጥም። ዛሬ የሁለቱንም ስም አጣምሮ ይዟል። እኔም ለልጆቹ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። አያቴ ይጫወቱት ከነበረው ከሰንጠረዣችን ጋር ሳነጻጽረው ያስቀኛል፤ በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በእጃቸው ፍጥነት የሚሰለፉበት «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለ። ልጆቹ ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ አንዳንዴ ተራ የሚባለውን ነገር ሊያስረሱኝ ይሞክራሉ።

ሌላም ውለታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1947 በቴክሳስ ኮርፐስ ክርስቲ በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ላይ «የስዊስ» የሚባለው የተጋጣሚዎች አመዳደብ በዚያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ እንዲውል ያደረገው እሱ ነው። አሠራሩ የተሸነፈውን አያባርርም፤ በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸውን ያገናኛል። 32 ልጆች ቢኖሩን ሁሉም ከሁሉም ይጫወቱ ብንል 31 ዙር ያስፈልገናል፤ በስዊስ ግን በ5 ዙር ሁሉንም ያሸነፈ ከአንድ በላይ ሊኖር አይችልም፣ የመጨረሻው ልጅም አምስት ጨዋታ ተጫውቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማ በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ልጆቼ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈው ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተኩል ወደ ቤታቸው ሲሸኙ አይቻለሁ። ከእነሱ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት አቆሙ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የምለምናችሁ ገጽ አይደለም፤ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። አንድ ሰሌዳ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር፣ በሚቀጥለው እትም መልሱ። የመጀመሪያዎቹን 30 ጥያቄዎች እኔ አዘጋጅቼ ያለ ክፍያ እልካለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ስታገኙ በደስታ እለቅለታለሁ። በየአገሩ ያሉ ልጆች ዛሬ በስልካቸው መጫወት ይችላሉ ትሉኝ ይሆናል። ይችላሉ፤ ነገር ግን በስልኩ ላይ ቼዝ የሚያገኘው ቼዝን የፈለገ ልጅ ነው። ጋዜጣ ግን አባት ገዝቶት ጠረጴዛ ላይ ይተወዋል፤ እንጀራ ይጠቀለልበታል፤ ሻይ ቤት ውስጥ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ቼዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ዓይኑን የሚጥልበት በዚህ መንገድ ነው።

ቦታዋን ብትሰጡኝ ለመጀመሪያው ቀን የመረጥኳት ጥያቄ ይህች ናት። የነጭ ንጉሥ ኤፍ6 ላይ፣ የነጭ ሩክ (በቀጥታ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የምትሄደው ጠጠር) ጂ1 ላይ፣ የጥቁር ንጉሥ ብቻውን ኤች8 ላይ ቆሟል። ነጭ ተጫውቶ በሁለት እርምጃ ማት ያደርጋል። ከቅዳሜ ልጆቼ የቸኮሉት ሩኳን ጂ7 ላይ አስቀመጧት፤ የጥቁሩ ንጉሥ ቼክ ሳይባል (ሳይጠቃ) መሄጃ አጥቶ ጨዋታው በአቻ አለቀ። ትክክለኛዋን እርምጃ ያገኛት ሰሌዳውን በጣቱ የሚዳስሰው ልጅ ነው። መልሱን ለሁለተኛው እትም አቆይቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር
ሐዋሳ