ሩቅ የሚበር ጄት ድንበር ሥር አይታሰርም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የህንድና የፓኪስታን ፍጥጫ በተነሳ ቁጥር «ተዋጊ ጄቶቿን ወደ ድንበር አስጠጋች» የሚለው ዜና እንደ ብርታት ምልክት ይጻፋል። ህንድ ለምትጠቀምበት፣ ሩሲያ ለነደፈችው ሱኮይ 30 ዓይነቱ ተዋጊ አውሮፕላን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ሱኮይ 30 ተጨማሪ ታንከር ሳያንጠለጥል 9.6 ቶን ያህል ነዳጅ ይዞ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ደርሶ መልሱ፣ መጠባበቂያውና አፍተርበርነር (ለተጨማሪ ግፊት ከሞተሩ ኋላ ነዳጅ የሚያነደው ክፍል) ሲለኮስ የሚነደው ነዳጅ ሲቀነስ፣ ከምድቡ፣ ማለትም ከሚነሳበት የአየር ኃይል ሰፈር፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ይዋጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዎቹን ሱኮይ 30 ኤምኬአይ፣ ማለትም ለእሷ የተሠራውን ዓይነት፣ በምዕራብ ህንድ ባለችው ፑኔ ላይ ማሳረፏ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፑኔ ከፓኪስታኗ ካራቺ በቀጥታ መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አውሮፕላኑ የሚገጣጠምበት ናሺክ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። በየካቲት 2019 ፓኪስታን ውስጥ ያለችውን ባላኮትን የደበደቡት የህንድ ሚራዥ 2000 ጄቶችም የተነሱት 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ካለችው ጓሊዮር ነበር።

ቅርበት የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። ከፓኪስታን ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የህንድ ምድብ ሀልዋራ ላይ፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጠላት ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ይደርሳል። በመስከረም 1965 ድንበር አጠገብ ባለችው ፓታንኮት ወደ 10 የሚጠጉ የህንድ አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንደቆሙ ነደዱ። በታኅሣሥ 1971 ፓኪስታን ብዙ ምድቦችን በአንድ ምሽት ስትመታ ግን ጉዳቱ በአብዛኛው ማኮብኮቢያ ላይ ቀረ፤ ጄቶቹ ተበትነው በኮንክሪት መጠለያ ውስጥ ነበሩና።

የመጠለያው ነገር የባሰውን ችግር ይዟል። ለአሮጌው ትንሽ ጄት ለሚግ 21 የተሠራ መጠለያ የክንፍ ስፋቱ 7.15 ሜትር ለሆነ አውሮፕላን የታሰበ ነው። የሱኮይ 30 ክንፍ 14.7 ሜትር፣ ርዝመቱም 22 ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያ በር አይገባም። ስለዚህ አዲስ መጠለያ ሳይሠሩ ጄቱን ወደ ፊት ማምጣት ሜዳ ላይ አሰልፎ ማቆም ማለት ነው። በግንቦት 2025 በሚሳይል ከተመቱት የፓኪስታን ምድቦች በአንዷ፣ በቦላሪ፣ የተበሳው የሀንጋር ጣሪያ በሳተላይት ፎቶ ታይቷል። ተራ ሀንጋር ከዝናብ እንጂ ከሚሳይል አያስጥልም።

በቻይና በኩል ሒሳቡ ይለወጣል። ቲቤት ውስጥ ያለው ንጋሪ አውሮፕላን ማረፊያ 4,274 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 65 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክንፉ በቂ አየር እንዲያገኝ የመነሻ ፍጥነቱ በሩብ ያህል ይጨምራል፣ የሞተሩ ግፊትም ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ መንደርደሪያው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። (ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በዚሁ ስሌት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ የእኛ ባለሙያዎች ነገሩን በደንብ ያውቁታል።) ማኮብኮቢያው 4,500 ሜትር ቢረዝምም የጎማው የፍጥነት ገደብ አለ፤ ስለዚህ አብራሪው ወይ ነዳጅ ወይ ቦምብ ይቀንሳል። በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ አሳም ውስጥ ያለችው ቴዝፑር በአንጻሩ ከ100 ሜትር በታች ከፍታ ላይ ስላለች ጄቱ ሙሉ ጭኖ ይነሳል። ለቲቤት ወሰን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብትቀርብም፣ በ2009 ሱኮይ እዚያ መመደቡ ለእኔ ትክክል ነው።

ድንበር አጠገብ ያለ ሜዳ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነዳጅ ቀድቶና ታጥቆ መነሻ ይሁን፣ ማደሪያ ግን አይሁን። 18 ጄት ለአንድ ጊዜ ለመሙላት 173 ቶን ነዳጅ ይፈልጋል፤ 20,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 16 ቶን ገደማ ስለሚጭን 11 ቦቴ መሆኑ ነው። ለአራት ጄት ግን ሦስት ቦቴ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የማቆሚያ ፓራሹት ነው። ሱኮይ ሲያርፍ ከጅራቱ ይዘረጋዋል፤ ከተዘረጋ በኋላ ተሰብስቦ፣ ተፈትሾና በሥርዓት ታጥፎ ነው የሚመለሰው። ትርፍ ፓራሹት ያልተላከበት ሜዳ ላይ ቀጣዩ ማረፊያ በፍሬን ብቻ ይሆናል፤ ፍሬኑ ከጋለ ደግሞ እስኪበርድ ድረስ ጄቱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከቢሾፍቱ