ሦስት ሚሊሜትር እንደ ዋዛ የሚታለፍ ለውጥ አይደለም

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ውድ የእጅ ሰዓቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ ስመ ጥር የሰዓት ሠሪዎች ከሱፍ ልብስ ጋር የሚታሰረውን የክት ሰዓት በየጊዜው ጥቂት ሚሊሜትር እያሰፉ እንደ አዲስ ይሸጣሉ የሚል ወቀሳ ቀርቧል። ወቀሳው በከፊል እውነት አለው። ይሁንና ጸሐፊው የሰዓቱን ስፋት ብቻ ተመልክተው ስፋቱ የተለወጠበትን ምክንያት ስላልመረመሩ፣ ሊመሰገን የሚገባውን ሥራ ሊነቀፍ ከሚገባው ጋር አንድ ላይ ጨፍልቀውታል።

የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው፣ ካላትራቫ የተባለው የክት ሰዓት ቁጥር 96 ስፋቱ 31 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። ከዚሁ ዘር በ1985 የወጣውና የፊቱ ጠርዝ በጥቃቅን ፒራሚዶች የተቀረጸው ቁጥር 3919 ወደ 33 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ አለ፤ እሱን በ2006 የተካው 5119 ደግሞ 36 ሚሊሜትር ደረሰ። አካሉ እንዲህ ሲያድግ ማሽኑ አብሮት አላደገም፤ በ5119 ውስጥ ያለው ማሽን ስፋቱ 21.9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሰከንድ ቆጣሪዋ የምትተከልበት ዘንግ የሚወጣው ከማሽኑ ስለሆነ፣ በገጹ ላይ ከመሐል በታች ለብቻዋ ያለችው ትንሿ የሰከንድ ክብ አካሉ በሰፋ ቁጥር ወደ ታች ልትወርድ አትችልም። ስለዚህ ወደ መሐል ተጠግታ ትቀራለች፣ ከበታቿም ባዶ ቦታ ይተርፋል። ዓይኑ የለመደ ሰው ይህን ሲያይ፣ የአባቱን ኮት ለብሶ የቆመ ልጅ ያየ ይመስለዋል።

በ2021 የወጣው 6119 ይህን ጉድለት ከሥሩ አርሞታል። ስፋቱ 39 ሚሊሜትር በመሆኑ ለወቀሳ የተመቸ ቢመስልም፣ አብሮት የወጣው አዲስ ማሽን ራሱ 31 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ውፍረቱ ግን እንደ ቀድሞው 2.55 ሚሊሜትር ነው። በተገኘው ስፋት ኃይል የሚያከማቸው ሞላ (ስፕሪንግ) የሚጠቀለልባቸው ሁለት ከበሮዎች ስለገቡበት አንዴ ከተሞላ ቢያንስ 65 ሰዓት ይሠራል፤ መሙያው ሲሳብም ሰከንድ ቆጣሪዋ ስለምትቆም ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ድረስ ማስተካከል ይቻላል። የሰከንዷ ክብ ደግሞ ወርዳ ተገቢ ስፍራዋን ይዛለች። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ሰዓቱን ያሰረው ሰው በየቀኑ የሚያየው እሱን ነው።

የአንድ ሚሊሜትርን ክብደት የተማርኩት ከአባቴ በወረስኩት ቀጭን ሰዓት ነው። ለጥገና የሰጠሁት ባለሙያ የዛገውን ደቂቃ ቆጣሪ አውጥቶ ሌላ ተከለበት። አዲሱ ቆጣሪ ቀለሙም ቅርጹም ከቀድሞው አይለይም፤ ርዝመቱ ብቻ አንድ ሚሊሜትር ያህል ያንሳል። የቀድሞው ጫፍ በገጹ ዳር የተደረደሩትን የደቂቃ መስመሮች ይነካ ነበር፤ አዲሱ ግን ከመስመሮቹ ሳይደርስ በባዶ ቦታ ላይ ይቆማል፤ እኔም ደቂቃውን በግምት አነባለሁ። ሰዓቱ ጊዜውን ሳያዛባ ይሠራል፤ ነገር ግን ባየሁት ቁጥር የአባቴ ሰዓት አልመስል እያለኝ ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ።

ከውጭ ጨርሶ የማይታይ እድሳትም አለ። የጀርመኑ ሰዓት ሠሪ አ. ላንገ ኡንት ዞነ በ1994 ያወጣውን ላንገ 1 የተባለ ሰዓት በ2015 ሲያድስ፣ 38.5 ሚሊሜትሩን አካልና የታወቀውን ገጽ እንዳለ ጠብቆ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ለወጠው፤ ቀን አመልካቹም ከዚያ ወዲህ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ በአንድ ጊዜ ይዘላል። የፈረንሳዩ ካርቲዬ ደግሞ በ1917 በተነደፈው፣ ታንክ በተባለው ሰዓቱ ላይ በ2021 በብርሃን የሚሠራ ማሽን ሲያስገባ፣ ብርሃኑ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በሮማውያን ቁጥሮቹ ውስጥ ሰወራቸው። መስፋት ብቻ ነው እንዳይባልም፣ የስዊዘርላንዱ ቫሸሮን ኮንስታንታን በእጅ የሚሞላውን ፓትሪሞኒ የተባለ ሰዓቱን በ2024 ከ40 ወደ 39 ሚሊሜትር አውርዶታል።

ጸሐፊው የሚነቅፉት ነገር የለም እያልኩ አይደለም። አካሉን አስፍተው አሮጌውን ትንሽ ማሽን የሚከቱበት ሠሪዎች አሉ፤ ይህን ለማወቅ የቀን መስኮቷን ማየት ይበቃል። መስኮቷ ከገጹ ጠርዝ ርቃ ወደ መሐል ከገባች፣ ማሽኑ ለአካሉ እንዳነሰ ትመሰክራለች። በእኔ እምነት የክት ሰዓት የቀን መስኮት ጨርሶ ባይኖረው ይመረጣል፤ ካለው ግን ቢያንስ በቦታው ይሁን።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ወደፊት ስለ አንድ የታደሰ ሰዓት ሲጽፍ፣ ከአካሉ ስፋት ጎን የማሽኑንም ስፋት እንዲጠቅስልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ከተጻፉልን፣ ሠሪው የደከመበትን ሰዓት ካልደከመበት አንባቢው ራሱ ይለያል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ